እናቴ የመረቀችው ፎቶ አንሺ

ሳዑዲ፣ አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የወሎ ልጆች ለቤተሰብ የሚልኩትን ፎቶ እኔ ጋ ነው የሚነሱት። የራሴን ላነሳ ግን ካሜራውን አስተካክዬ ሮጬ ስቆም የተቆጣሁ እመስላለሁ፤ ፎቶውን ስልክላት እናቴም «ምን ሆነህብኝ ነው?» እያለች ትጨነቃለች።

ሲጨንቀኝ ከመንገዱ ማዶ ያለው የመናዊ ፎቶ አንሺ ጋ ሄድኩ። ደንበኞቼን አንድ በአንድ የወሰደብኝ ሰው ነው። ገና ሳልቀመጥ «መብራቱን ዝቅ አድርገው፣ ካሜራውን ወደ ግራ» ማለት ጀመርኩ።

«ኸላስ፣ በቃ! ዛሬ ደንበኛ ነህ» አለኝ። ከዚያ ካሜራውን እንደደገነ «እናትህ ምን ብላ ነው የምትጠራህ?» ሲለኝ ሳላስበው ፈገግ አልኩ። ያኔ አነሳኝ።

ፎቶውን ሳየው ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳነሳ ይህቺ ጥያቄ እንዴት ለኔ አልመጣችልኝም? «ምንም አይልም» ብዬው ወጣሁ።

ለእናቴ በስልክ ላክሁላት። እልል አለች። «ማነው ያነሳህ? አላህ ዕድሜውን ያርዝመው!»

ይኸው ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ያ ፎቶ አንሺው ልጅ ደህና ነው?» ብላ ነው። የኔ ደህንነት ከሱ በኋላ ይመጣል።