አንድ የጎደለው ክሎሪን

ልጅ ሳለሁ፣ ቡሬ ላይ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ ሙሉነሽ ተረት ያወሩልን ነበር። ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ስለነበሩ፣ ተረታቸው የጅብና የጦጣ ሳይሆን የብረት፣ የድኝና የአየር ነበር። ያኔ የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ ፍሙ ዳር ተቀምጬ ስሰማቸው፣ ስለ ቅርብ ዘመድ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ መታጠቢያ ቤቱን ስታጸዳ በረኪና ደፋችበት። እድፉ አልለቅ ቢላት፣ ከገበያ የገዛችውን የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጨመረችበት። ወዲያው ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ቤቱን ሞላው። እናቴ በሳል ታፍና ግድግዳውን ተደገፈች፤ ገና የሚድኸው ታናሽ ወንድሜ የመታጠቢያ ቤቱ በር ደፍ ላይ ነበር። እትዬ ሙሉነሽ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ደረሱና ልጁን ከወለሉ አፈፍ አደረጉት።

«ክሎሪን ነው። ከአየር ስለሚከብድ መሬት መሬቱን ይሄዳል። ከቤቱ በላይ ወዳለው ዳገት ውጡ» አሉን፤ እናቴንም በሌላ እጃቸው እየሳቡ አወጧት።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ወንድሜ ኦክስጅን ተሰጥቶት፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንፋሹ ተስተካከለ።

በዚያ ምሽት እራት ቀርቦ ሳለ፣ እትዬ ሙሉነሽ ክሎሪን በምንበላው ጨው ውስጥም እንዳለ ነገሩን። እናቴ እጇን ከገበታው ሰበሰበች።

«ታዲያ እትዬ፣ እስካሁን እንዴት ሳይገድለን ቀረ?»

ሰፌድ አስመጥተው ሽምብራ ደረደሩበት። «መሀል ላይ ያለው አስኳሉ ነው፤ አሥራ ሰባት ፕሮቶን አለው። በዙሪያው አሥራ ሰባት ኤሌክትሮን በሦስት ረድፍ ይዞራል፤ ሁለት፣ ስምንት፣ ዳር ላይ ሰባት። ዳሩ ስምንት ካልሞላ አያርፍም፤ ስለዚህ ካገኘው ሁሉ ይነጥቃል። ዛሬ ከሳንባችሁ ሊነጥቅ ነበር። ሶዲየም የሚባለው ደግሞ ዳር ላይ ያለችው አንዲት ኤሌክትሮን ብቻ ናት፤ እሷን መስጠት ይቀለዋል። ሲገናኙ አንዱ ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተሳስበው ጨው ይሆናሉ። የጎደለው ይነጥቃል፣ የሞላለት ያርፋል።»

እናቴ ወንድሜን እንዳቀፈች ዕንባዋ ወረደ። «አላወቅሁም፣ እትዬ። ልጄን በእጄ ልገድለው ነበር።»

እትዬ ሙሉነሽ ሰፌዱን ገፋ አድርገው ወደ እናቴ ተጠጉ። «አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ? የስንቱን ልጅ ሳስተምር ኖሬ፣ የገዛ እህቴን አንድ ምሽት እንኳ አጠገቤ አላስቀመጥሁም። አንቺ ጓዳ ስትለፊ እኔ እዚህ ለልጆች አወራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ወንድሜን ያተረፈው እውቀታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሳስታውሳቸው ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ ያ የተማረ ራስ በታናሽ እህታቸው ፊት ዝቅ ሲል ነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ሥራዋን ጨርሳ ካልተቀመጠች ተረት አይጀምሩም ነበር።