የይስማውን ሞጁሎች ስም የለወጥኩት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ይስማውን ከሥራው ያስባረርኩት እኔ ነኝ።

እንጅባራ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ እኔና ይስማው ለእህል መጋዘኖች ፕሮግራም እንጽፍ ነበር። ፕሮግራሙ ሞጁል የምንላቸው ትናንሽ ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱን በሚሠራው ሥራ፣ በእንግሊዝኛ አሳጥረን እንሰይመው ብለን ተስማማን፤ ስሞቹን ማደራጀቱም ለእኔ ተሰጠ። እሱ ግን የራሱን ሞጁሎች ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራች እያለ በፈረስ ስም ጠራቸው። ለምን ስለው «ይመቻል» ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ አልዋጥልህ አለኝ። ሌላ ሰው እንዳያገኛቸው ነው አልኩ። ነገ እኔን አስወጥቶ ብቻውን ሊቀር ነው አልኩ። ስልክ ሊያነሳ ወደ በረንዳ ሲወጣ እንኳ እኔን የሚያማ ይመስለኝ ነበር። ደግሜ በወጉ ብጠይቀው ምን ነበረበት? አልጠየቅኩም።

ለአጎቱ ለቅሶ ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በሄደበት ሳምንት ስሞቹን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ለወጥኳቸው። እኔ ነኝ የለወጥኳቸው። ለካ ሌሎቹ ክፍሎች በድሮው ስም ነበር የሚፈልጓቸው፤ በገበያ ቀን የዳንግላው መጋዘን ሥራ ቀጥ አለ። ገበሬው እህሉን ጋሪ ላይ እንደጫነ ዝናብ መታው። ኃላፊያችን «ማነው የነካው?» ሲል «ይስማው ነው እንዲህ አድርጎ የሄደው» አልኩ። አፌ እንዴት እሺ አለኝ? ከለቅሶ ሲመለስ ከሥራ ተሰናበተ። ታናሽ እህቱን የሚያስተምረው በዚያ ደመወዝ እንደሆነ እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የመጋዘኑ ሠራተኛ ጋሼ ፈንቴ ደወሉ። «ልጄ፣ እዚህ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ማንበብ አቃተኝ። ይስማው እኮ በፈረስ ስም ያደረገልን እኛ እንድናውቀው ብሎ ነው። ቦራ ቆመ ብዬ ስደውልለት ወዲያው ያስተካክልልን ነበር» አሉኝ። በረንዳ ላይ የሚያወራው ከእሳቸው ጋር ኖሯል።

ያኔም አልተናገርኩም።

በቅርቡ ዳንግላ ባጃጅ ስጠብቅ ይስማው አገኘኝ። አቅፎ ሳመኝ፤ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። በጨዋታ መሃል እህቱ ትምህርቷን አቋርጣ ዓረብ አገር መሄዷን ነገረኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። በምን አፌ? እሱ ስለ እህቱ ሲነግረኝ እኔ ዓይኑን ዓይኑን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ያውቅ ይሆን?