አልጣሽ ያልፈረመችው ወረቀት

አልጣሽ ቡሬ ገበያ ላይ ጠርጣራ በርበሬ ገዢ እየተባለች ትታወቃለች። ዛላውን አንስታ ጆሮዋ ሥር ትነቀንቀዋለች፤ ፍሬው ካልተንኮሻኮሸ ውሃ ተረጭቶበታል ብላ ጆንያውን ታስመልሳለች። የገዛችውን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ጀርባ ባለች ትንሽ ሱቋ ትቸረችራለች። ባሏ ወንዳወቅ ካናዳ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ውዳሴ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው።

ባለፈው መስከረም ወንዳወቅ ሥራውንም ከተማውንም እንደቀየረ ነገራት።

"የነበርኩበት ክፍለ ሀገር ለእንደኔ ዓይነቱ ቋሚ መኖሪያ የሚሰጠው በጭንቅ ነው። እዚህ ግን ሠራተኛ ስለሚቸግራቸው አሠሪህ ከደገፈህ ይቀበሉሃል አሉኝ።"

"አንድ አገር አይደለም እንዴ?"

"አገሩ አንድ ነው። ደንቡ ግን በየክፍለ ሀገሩ ይለያያል።"

አልዋጥልሽ አላት። አንድ አገር እዚህ የከለከለውን እዚያ እንዴት ይፈቅዳል? ደግሞ አንዲት ጎረቤቷ "ቋሚ የሚሆኑትማ የመኖሪያ ወረቀት ያላት ሴት እያገቡ ነው" ስትል ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ወንዳወቅ በደወለ ቁጥር ዓይኗ ከፊቱ ይልቅ ከጀርባው ያለውን ክፍል ይበረብር ጀመር።

በኅዳር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት በቴሌግራም ላከላት። "አሳትመሽ ፈርሚና መልሺልኝ። ዛሬውኑ።"

"ምን ይላል?"

"ለማመልከቻው ነው፤ ለወጉ ያህል ነው።"

"ዛሬውኑ" የምትለዋ ቃል ቆረቆረቻት። በማግስቱ ጅጋ ወዳሉት አማቷ ወደ ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ሄደች።

"እማማ፣ የፍቺ ወረቀት እንዳይሆን ፈራሁ።"

"በቁርባን ያገባሽ ልጅ? ኧረ በስመ አብ! ፈርሚለት እንጂ፣ መንገዱን አትዝጊበት። ኋላ ይወስዳችሁ የለም ወይ?"

"ኋላ? ነግሮዎታል እንዴ እማማ?"

አማቷ አቀርቅረው ሰፌድ ላይ ያለውን ስንዴ መልቀም ያዙ። አልጣሽ የቀረበላትን እህል ሳትቀምስ ተነሣች።

ፍኖተ ሰላም እንደተመለሰች የእንግሊዝኛ አስተማሪው መምህር ቸኮለ ቤት ገባች። መምህሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"የፍቺ አይደለም። ሚስቱ መሆንሽን ይናገራል፤ የልጅሽም ስም አለበት።"

"ተመስገን!"

"ቆዪ፣ አልጨረስኩም። አብረነው አንሄድም፣ በፈቃዳችን እዚሁ እንቀራለን ነው የሚለው።"

ከደጃፋቸው ሳትርቅ ደወለችለት።

"በፈቃዴ ነው የምቀረው፣ ወንዳወቅ?"

"ጉዳዩን የያዘልኝ ሰው ነው የመከረኝ" አላት። "ቤተሰብ ከጨመርክ ለማመልከቻህ የሚሰጡህ ነጥብ ይቀንሳል አለኝ። እኔ ቋሚ ስሆን አመጣችኋለሁ።"

"ለእናትህ ነግረህ ከእኔ ለምን ደበቅኸው?"

"እምቢ እንዳትዪ ፈርቼ።"

"እንግዲያው እምቢ ብያለሁ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለም። ሱቋን ዘግታ ያለቀሰችበት ቀን ነበር፤ የልጄን አባት በእልኬ አጣሁት ብላም ተጸጽታለች። ቢሆንም አልፈረመችም።

ሲደውል ድምፁ ተለውጦ ነበር። መጤዎችን በነጻ የሚያማክር ቢሮ ሄዶ ጠይቋል፤ በእሱ ክፍለ ሀገር ሚስትና ልጅ አብረው ቢመዘገቡ የሚያጣው ነገር እንደሌለ ነግረውታል። አዲስ ወረቀት ላከላት። አልጣሽ ደስታዋን ዋጥ አድርጋ እንደገና መምህር ቸኮለ ዘንድ ሄደች። "አብረው የሚሄዱ ይላል" አሏት። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስይዛ ደግመው እንዲያነቡላት ካደረገች በኋላ ፈረመች።

በግንቦት እናትና ልጅ ማመልከቻው ለሚጠይቀው የጤና ምርመራ ተጠሩ። ውዳሴን ይዛ አዲስ አበባ ደርሳ ተመለሰች። የመጨረሻው መልስ ገና አልመጣም። ከአማቷ ጋር ሰላምታ እንጂ ጨዋታ የላቸውም። ሱቁን ሽጭልን የሚሏት ሰዎች አሉ፤ እሷ ግን ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ ሳይለጠፍ ቁልፉን ለማንም እንደማትሰጥ ነግራ ትመልሳቸዋለች።