ከወንዝ ማዶ የመጣ ማገጥ

ጎረቤታችን በስልክ «እናትሽ ዓይኗ ደክሟል፤ ለአንቺ ግን አትናገርም» ስትለኝ ከድሬዳዋ ተነሥቼ እንጅባራ ገባሁ። መስከረም ነው፤ ሜዳው አብቧል። እናቴን ስጠይቃት ሳቀችብኝ።

«እግሬን በይው እንጂ ዓይኔስ ደኅና ነው።»

ፍርሃቷ ገብቶኛል። እውነቱ ከታወቀ ወደ ቆላ ይዣት መሄዴ ነው። እኔም ለልብሷ የሚሆን ባዶ ሻንጣ ይዤ ነበር የመጣሁት።

በማግስቱ ከወንዙ ማዶ የታመመ ዘመድ ጠይቄ ስመለስ አንድ ነጭ የሜዳ አበባ ቀጠፍኩ። ልፈትናት አልነበረም፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ስሙ ጠፍቶኝ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምን ይባላል?»

ተቀብላ ቅጠሉን በጣቷ ዳሰሰች፤ ሦስት ነው። ድቡልቡሉን አበባ በአውራ ጣቷ አንከባለለችው። ከጥቃቅኖቹ አበቦች አንዷን መዝዛ ሥሯን መጠጠች።

«ማገጥ ነዋ! ላም በጤዛ ከበላችው ሆዷ የሚነፋው። አገሩ ይሄንንም አስረሳሽ?» በአዊኛም ስሙን ነገረችኝ። ከዚያ አበባውን እየመለሰችልኝ፣ «ዘንድሮ ቀዩ ማገጣችን እንዴት አምሮበታል!» አለች።

አበባውን ተቀበልኳት። ከቤታችን በላይ ያለው ሜዳ የሚያበቅለው ቀዩን ነው፤ ነጩ ከወንዙ ማዶ ብቻ ነው ያለው። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኳትም ነበር።

ዝምታዬ ነገራት።

«ነጭ ነው እንዴ?»

«ነጭ ነው፣ እማዬ።»

«አንቺ ልጅ! ወንዝ ተሻግረሽ ነገር ትለቅሚያለሽ?» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ትወስጅኛለሽ አይደል?»

ወደ ደጀ ሰላሙ የሚወስደውን መንገድ እግሯ ያውቀዋል። ድሬዳዋ ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ እንኳ መሪ ልትፈልግ ነው።

«አልወስድሽም። ግን ሐኪም ያይሻል።»

«በእመቤቴ በይኝ።»

አንደበቴን ከመሐላ እጠብቃለሁ። ያን ቀን ግን ማልኩላት።

ዳንግላ ወርደን ከመናኸሪያ በጋሪ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ ጣቶቹን ከፊቷ ዘርግቶ «እማማ፣ ስንት ናቸው?» ቢላት፣ እጇን ሰድዳ ልትቆጥራቸው ያዘቻቸው።

«በዓይንዎ እንጂ፣ እማማ!»

«እንዴ፣ ቁጥሩ መቼ ይለወጣል?»

ሐኪሙ እስኪስቅ ጠበቀችና «እህ፣ ምንድን ነው?» አለችው።

ሞራ ነው፤ ይገፈፋል አላት። ቀኑን ቀጠርን፤ እስከዚያው ጎረቤታችን ልታያት ቃል ገባች። እናቴ ሻንጣዬን በድንችና በገብስ ቆሎ ሞላችው፤ ባዶውን ለምን እንዳመጣሁት ግን አልጠየቀችኝም።