ልጄን «ይቅርታ ጠይቂ» ሊሉ የመጡ ሽማግሌዎች

ይህ የሆነው ካርቱም ጦርነት ከመግባቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ልጄ ሰብለ የኮሌጅ የመጨረሻ ፈተናዋ ሲቃረብ ነው። ስንት ነገር አልፏል፤ ቤት ጥለን ወጥተናል፣ ሱቄ ከነዕቃው ቀርቷል። እሱን ሁሉ ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ይሄኛው ግን ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ቤታችን ጀሪፍ፣ ከዓባይ ዳር ብዙም ሳይርቅ ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ሰብለን ያሳደግኳትም፣ ፋርማሲ ያስተማርኳትም በዚያች ሱቅ ነው። ለውጭ ዜጋ የኮሌጅ ክፍያ ምን ያህል እንደሚከብድ የከፈለ ያውቀዋል። ስለዚህ ያ ፈተና የሷ ብቻ አልነበረም፣ የኔም ነበር።

በካርቱም ኮሌጆች ሩክን የሚሉት ነገር አለ። ተማሪው ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር ክብ ሠርቶ ይቆማል። አንዱ መሃል ገብቶ ስለ ፖለቲካ የመሰለውን ይናገራል፣ ሲጨርስ የሚቃወመው እጁን አውጥቶ ተራ ይዞ ይመልስለታል። አንዳንዴ ጩኸቱ ከግቢው ውጪ ይሰማል። ሲያልቅ ደግሞ እነዚያው ሲጯጯሁ የነበሩት አብረው ሻይ ሲጠጡ ታያለህ። ሰብለ እዚያው ተወልዳ ስላደገች ለሷ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

አንድ ቀን ከትምህርት መጥታ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ሩክን ላይ ተናገርኩ» አለችኝ። ስለ ምን ስላት፣ ስለ ግድቡ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሱዳኖቹ መሃል ገብታ ስለ ግድቡ!

«ምን አልሽ?»

«ግድቡ የኛ ነው፣ መሠራቱም ልክ ነው አልኩ። ግን ውሃው መቼ እንደሚያዝና መቼ እንደሚለቀቅ ተፈራርመን እንንገራቸው አልኩ።»

«ተፈራርመን? በገዛ ወንዛችን? አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ!»

«በራችን ድረስ የመጣውን ጎርፍ ረሳሽው? እዚህ የሚኖር ሰው ማወቅ የለበትም?»

«ያ ከግድቡ ጋር ምን አገናኘው?»

«አይገናኝም፣ እኔም ተገናኘ አላልኩም።»

ተጨቃጨቅን። እኔ ለዚያ ግድብ ከበርበሬ ሽያጭ ቆጥቤ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ። የተናገረችውን አልወደድኩትም። ግን የልጄ ሐሳብ ነው፣ ተናደድኩባትና እራቷን አቀረብኩላት።

የፈራሁት ሱዳኖቹን ነበር። በመንገድ ያስቸግሯት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ፣ ነገሩ የመጣው ከራሳችን ሰዎች ነው። ለካ ስትናገር የቀረጻት ሐበሻ ኖሯል። በማግስቱ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ከስሩ የተጻፈውን ላንብበው ብዬ ጀምሬ ግማሹ ላይ ተውኩት። ባንዳ፣ የተሸጠች፣ ምን ያላሏት አለ! እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዘወትር አብሬያቸው የምቀመጥ ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደዚያ ዞሩ። ቆይ፣ ምን አድርጌ ነው? ሰው ገደልኩ?

ይህም ይሁን። በሦስተኛው ቀን ሰብለ በጠራራ ፀሐይ እያለቀሰች ሱቄ መጣች። የኮሌጁ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ጠርቷት፣ «ክስ ቀርቦብሻል፣ እስኪጣራ ድረስ ለፈተና አትቀመጪም» ብሏታል። የውጭ ተማሪ ፖለቲካ ውስጥ አይገባም የሚል ደንብ ነበራቸው። ከዚያ በፊት በማንም ላይ ሲሠራበት አልሰማሁም።

ማነው የከሰሰሽ ስላት ሳቅም ለቅሶም ቀላቀለች። ሄኖክ ነው።

ሄኖክ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ከአዲስ አበባ ለትምህርት ሲመጣ ዘመድ አልነበረውም፣ በዓል በመጣ ቁጥር እኔ ቤት ነበር የሚውለው። ሲታመም ሾርባ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። እሱ ነው እንግዲህ ልጄን ለሱዳን ቢሮ አሳልፎ የሰጣት። የቀረጻትም እሱ ራሱ ኖሯል።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ተሰማ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ጀሪፍ ቤታችን መጡ። ጋሽ ተሰማ የካርቱም ሐበሻ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው፣ የስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ከኋላቸው ሄኖክ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ደስ አለኝ። ጥፋቱን አምኖ ሽማግሌ ይዞ መጣ ብዬ ወንበር አወጣሁ፣ ቀዝቃዛ ከርከዴ ቀዳሁ።

ጋሽ ተሰማ መረቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ዘነቡ፣ እንግዲህ ልጅ ይሳሳታል» አሉ። እሱን መስሎኝ ነበር፣ ለካ የኔን ልጅ ነው። «ሄኖክ ክሱን ለማንሣት ፈቃደኛ ነው። እሷም ስልክ ፊት ቆማ፣ የተናገርኩት የራሴ ሐሳብ አይደለም፣ ሰዎች አሳስተውኝ ነው፣ ሕዝቤን ይቅርታ እጠይቃለሁ ትበልና ነገሩ በዚሁ ይብቃ።»

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ አዘንብሎ ነበር። ፈተናው እየደረሰ ነው። ሁለት ቃል ብላ ብትገላገልስ እያልኩ ዞር ብዬ አየኋት።

«ያሳሳተኝ ሰው የለም። ሐሳቡ የራሴ ነው» አለች።

ሄኖክ ከተቀመጠበት ፈገግ አለ። «ኧረ ተይ ሰብለ! እንዲህ ያለ ነገር አንቺ ከራስሽ አታመጪውም። አንዱ ሱዳኒ ጓደኛሽ አስጠንቶሽ ነው።»

እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው።

«አንተ! ፋርማሲ ያስተማርኳት ልጅ ጭንቅላት የላትም ልትለኝ ነው? ሐሳቧን ከናንተ ሁሉ አብልጬ የምጠላው እኔ ነኝ! ግን የራሷ ነው! ከማንም አልተበደረችውም!»

«ዘነቡ፣ ተረጋጊ እንጂ» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«አልረጋጋም ጋሼ! ሽማግሌ የበደለውን ይዞ ነው የሚመጣው። እርስዎ የበደለውን ይዘው መጥተው የተበደለችውን ይቅርታ ሊያስጠይቁ? ይሄ የማን ሽምግልና ነው? ልጄ ዋሽታ ከምትታረቅ ሳትታረቅ ትቅር። በሉ፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ።»

ሽማግሌ ከቤቴ ሳስወጣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ተሰማ በር ላይ ቆም ብለው፣ «ፈተናው ቢያመልጣት እኛን እንዳትወቅሽን» አሉኝ። እነሱ ከሄዱ በኋላ፣ የልጄን የትምህርት ዘመን በአንድ ቁጣ ገደል ከተትኩት ይሆን እያልኩ ቁጭ አልኩ። ሰብለ ግን መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላት?

ነገሩ በሚጣራበት ቀን እዚያ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍረን ኮሌጁ ሄድን። ከዲኑ ቢሮ ደጃፍ አንድ ረጅም ቀጭን ሱዳናዊ ልጅ ቆሟል። ሰብለ እጄን ጨበጠችኝና፣ «ሙስጠፋ ነው። ሩክን ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸብኝ» አለችኝ። አለቀልን አልኩ። ከወዲህ የኛው ሰው፣ ከወዲያ ደግሞ ይሄ ሊመሰክርባት መጣ።

ገባን። ዲኑ ሽበታም፣ የደከማቸው ሰው ናቸው። ሄኖክ ተነሥቶ፣ የውጭ ተማሪ ሆና ፖለቲካ ተናገረች፣ የማኅበራችንን ስም አጠፋች፣ የኛ ተማሪዎች እንዳይጠሉ ሠጋን አለ። አረብኛው ጥሩ ነበር፣ ተዘጋጅቶበታል።

ከዚያ ሙስጠፋ ፈቃድ ጠየቀ።

«ክቡር ዲን» አለ፣ «ይህች ልጅ ተሳስታለች። ግድቡ ለኛ አደጋ ነው፣ እሷ ግን መሠራቱ ልክ ነው ትላለች። ይህን ሰው ሁሉ እየሰማ ነግሬያታለሁ፣ ነገም እነግራታለሁ። ግን መሃል ገብታ ቆማለች፣ ተናግራ መልሴን ጠብቃለች። ይሄ ሰውዬ ያን ቀን እዚያው ስልክ ይዞ ቆሞ ነበር። እጁን አውጥቶ ተሳስተሻል ማለት ይችል ነበር። ሩክን ላይ የተነገረ ሩክን ላይ ይመለሳል እንጂ ቢሮ አይመጣም። እሷን ካባረራችሁልኝ እኔ ከማን ጋር ልከራከር?»

ዲኑ ወደ ሄኖክ ዞሩ። «እዚያ ነበርክ?»

«አዎ።»

«ተራ ጠይቀህ ነበር?»

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

ሄኖክ ስልኩን ከእጁ ወደ ኪሱ ከተተ። ያ ሁሉ የአገር ፍቅር የት እንደገባ እግዜር ይወቀው!

ዲኑ ሰብለን፣ «ከተናገርሽው ትመለሻለሽ?» አሏት። «አልመለስም» አለች። እሳቸውም፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ ሂጂ ተፈተኚ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ደንብ ደንብ ስለሆነ ሁለተኛ ሩክን ላይ እንዳትናገር አስጠነቀቋት። ሙስጠፋ ይህንንም ተቃውሞ ሊናገር ሲል፣ በቃህ ብለው አስቀመጡት። የተፈረደልን ግማሹ ነው ማለት ነው። አሁንም ያንገበግበኛል።

ውጪ ሙስጠፋን «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» ስለው፣ «ማፊ ሙሽኪላ ያ ኻልቲ፣ ችግር የለም አክስቴ፣ ግን ልጅሽ ተሳስታለች» ብሎኝ ሄደ። ወዲያው ሄኖክ ከኋላ ደረሰብን።

«እትዬ ዘነቡ፣ እንኳን ደስ አለዎት። አይቀየሙኝ፣ ለአገሬ ብዬ ነው።»

«ለአገርህ? ይህች ልጅ አገርህ አይደለችም እንዴ?» አልኩት። ሌላም ብዙ ብዬዋለሁ፣ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም።

ሰብለ ተፈተነች፣ አለፈች። ጦርነቱ ሲመጣ ካርቱምን ለቀን ወጣን፣ አሁን አዲስ አበባ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ጋሽ ተሰማም እዚሁ ናቸው። በቀደም ለቅሶ ቤት አግኝተውኝ፣ «ያለፈው አለፈ፣ አይደል ዘነቡ?» አሉኝ። አላለፈም አልኳቸው። ሰው ዞሮ አየን፣ ይየን! ካርቱም ውስጥ ልጄን ተሳስተሻል ብሎ ፊት ለፊት የነገራት የሰው አገር ልጅ ነው፤ የኛዎቹ የመጡት አፏን ሊያዘጉ ነው። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

በሐሳቧ ግን አሁንም አልስማማም። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ነገሩ ተነሣና ጎረቤት እስኪሰማ ተጯጯኽን። ተሳስተሻል አልኳት፣ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። ተናድጄ አጎረስኳት፤ እያኘከች መልሷን ቀጠለች።