ውሃው እስኪጎድል

ትናንት ከፒያሳ በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ አንድ የድሮ የወንዝ ዘፈን ለቀቀና፣ ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ እንኳ ሆዴ ባባ። «ዝጋው ልጄ» ማለቱን አፍሬ ፊቴን ወደ ውጭ አዙሬ እንባዬን ዋጥኩ።

እናቴ የጎጃም ሰው ነበረች፤ አባቴ እርሻ መሥሪያ ቤት ተመድቦ ሐዋሳ ሲያመጣት ከነዘፈኖቿ ነው የመጣችው። ክረምት ገብቶ የሐይቁ ሽታ ከዝናቡ ጋር ግቢያችን ሲደርስ፣ እጇን ሳሙና አረፋ ውስጥ ነክራ ታንጎራጉራለች፦

አንተም ወዲያ ማዶ፣ እኔም ወዲህ ቆሜ፣
ውሃው እስኪጎድል ታገሠኝ ዓለሜ።

እናቴ ባደገችበት አገር ይሄ የሚዘፈነው በክረምት ብቻ ነበር። የሚወዱት ሰው ሲቀር ጥፋቱ የወንዙ ነው፤ መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲጎድል ግን ሰበብ የለም፣ ዘፈኑም ይቆማል።

ታላቅ ወንድሜን አየለን መናኸሪያ አጠገብ በአፈሳ ይዘው ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ የላኩት ሰኔ ላይ ነው። ያን ክረምት እናቴ ልብስ ባጠበች ቁጥር ዘፈነች። መስከረም መጣ፣ አላቆመችም። ጥር ላይ እንኳ፣ አቧራው ዓይን በሚያጠፋበት ፀሐይ፣ ወንዙ ሙሉ ነው ትላለች። አባቴ ቀልድ ይወዳልና «ሴትዮ፣ ዓባይ እኮ ድልድይ አለው!» አላት።

«ሞልቷል አልኩህ፣ ሞልቷል!» ብላ የጨመቀችውን አንሶላ መሬት ላይ ወረወረችው። አባቴ ዳግመኛ በዘፈኗ አልቀለደም፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምጿን ስሰማ እፈራ ነበር።

ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ ከአየለ ጋር አንድ ጋንታ ውስጥ የነበረ ዱካሞ የሚባል፣ እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ የቱላ ልጅ፣ በተቀደደ ዩኒፎርም በራችን ላይ ቆመ። እናቴ «ልጄስ?» አላለችም።

«ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ አይደል ልጄ?» አለችው።

አባቴ ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ለመነው። ልጁ አልገባውም፤ እውነቱ የሚያጽናናት መስሎት ይሆናል።

«ኧረ አልሞላም እማማ፣ ጥር እኮ ነበር። ተከዜ ከጉልበት አያልፍም፤ ወደዚህ ስንሸሽ አብረን ተሻገርን። አየለ የተመታው ከተሻገርን በኋላ ነው።»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲያለቅስ እሷ አንድ ስንኝ ሙሾ እንኳ አልወጣትም። ብዙ ዓመት ኖረች፤ ክረምት ይመጣል፣ ልብስ ታጥባለች፣ ዝም። ጭንቅ ሲለኝ፣ እንድትቀበለኝ ብዬ ዘፈኑን ስጀምርላት፣

«ተይኝ ልጄ» ትለኝ ነበር፣ «የማሳብብበት ወንዝ የለኝም።»