እርግብ ማሸሽ

እርግቦቼን የማሸሽበት ዘዴ አዘጋጅቻለሁ ስል ሰፈሩ በሙሉ ሟርተኛ አለኝ። ሟርተኛ መባልን አልጠላም፤ ከዚያ የባሰም ተብዬ አውቃለሁ። ውኃ ይጠፋል ብለው በጀሪካን ያጠራቅማሉ፣ መብራት ይጠፋል ብለው ሻማ ይገዛሉ፤ ተኩስ ይመጣል ብሎ ማሰብ ግን ተኩሱን መጥራት ነው ይላሉ። አንዷ ጎረቤቴማ የቤቴ በር ላይ የሰቀልኩትን ባለ ክዳን ቅርጫት ባየች ቁጥር ታማትባለች። «ምነው፣ ክፉ አታስቢ» ትለኛለች። እኔ ክፉውን የማስበው ይመጣል ብዬ አይደለም፤ አንዴ መጥቶ ስላየሁት ነው።

ያኔ በረንዳዬ ላይ ጥልፌን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። የምተዳደረው የሰው ቀሚስ ጠልፌ ነው። ከሰፈራችን ከቀሐ ወንዝ ማዶ ተኩስ ሲጀምር መንደሩ እግሬ አውጪኝ አለ፤ ጎረቤቶቼ እኔንም በክንዴ ጎትተው ወሰዱኝ። ዘወር ስል እርግቦቹ ከጣሪያዬ ላይ ተነስተው ሲበተኑ አየሁ። ከቀናት በኋላ ስንመለስ ቤቱ ደህና፣ አጥሩ ደህና፣ ጥልፌ እንኳ ከነመርፌው እዚያው በረንዳው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ እርግብ የተመለሰው ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። የቀሩትን ጭልፊት ይብላቸው ድመት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እነዚህን ሁለቱን ማጣት አልችልም ነበር። ይህን ስል የሚስቅብኝ ካለ ይሳቅ። ባለቤቴ ደብተራ ነበር፤ ድምፁ ከቤት አልፎ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ፣ ልጆቼም አዲስ አበባ ገብተው የየራሳቸውን ኑሮ ከያዙ ወዲህ፣ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ድምፅ ያላቸው እርግቦቹ ብቻ ናቸው። ጠዋት ገና ሳልነሳ ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ ይሰማኛል፤ ሰው ያለ ይመስለኛል። ልጆቼ ሬዲዮ ክፈቺ ይሉኛል። ሬዲዮ እኮ እኔ ብሞትም ያወራል።

የእርግብ ቤታቸውን ከአሮጌ ጣውላ የሠራላቸው ባለቤቴ ነው። እርግብ ጭቅጭቅ ያለበት ቤት አትቀመጥም ይባላል፤ እኛ ግን እየተጨቃጨቅን ነበር ያረባናቸው። ሳጥኑ ዘሟል፣ አልዘመመም እያልን እንኳ ስንት ቀን ተኳርፈናል። አሁን የሚያኮርፈኝም የለ።

ስለዚህ አሰብኩበት። እርግብ በቀን አትያዝም፤ ሲመሽ ሳጥኗ ውስጥ ገብታ ስትሰፍር ነው እጅ የምትሰጠው። ስለዚህ ወሬው ሲከፋ ማታውኑ ይዞ ማሳደር፣ ጠዋት መውጣት። ቅርጫቱ በር ላይ፣ ማሽላው በከረጢት፣ ውኃ የሚጠጡበት የተቆረጠ ፕላስቲክ ከሥሩ። መሄጃችን ከአዘዞ ወዲያ ያለችው ፀዳ፣ ታናሽ እህቴ ቤት። ባጃጅ የሚነዳ አንድ የሰፈራችን ሰው አለ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የቆየ ትውውቅ አለን፤ ስደውልለት እንዲመጣ አስማልኩት።

የቀረው መለማመድ ነበር። ለዚህ የመከረኝ ከአጥር ማዶ ያለው ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው፤ ከአዲ አርቃይ በኩል የመጣ ነው፣ ሁላችንም አያ ነው የምንለው።

«ድመት ቤት ስታስለውጪ እንዴት ነው የምትወስጂያት?» አለኝ።

«በጆንያ፣ አያ።»

«ምነው በጆንያ?»

«መንገዱን አይታ እንዳትመለስ ነዋ።»

«እንግዲያ እርግብስ ዓይን የላትም? ሸፍነሽ፣ አዙረሽ ውሰጃት።»

ሸጋ ምክር መሰለኝ። ድመት በዚህ ዘዴ ስትወሰድ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ስትመለስም አላየሁም። ቅርጫቱን በሁለት ነጠላ ጠቀለልኩት። ባጃጁ ሲመጣ ወደ ፒያሳ ውጣ አልኩት።

«እማማ፣ ፀዳ እኮ በዚያ አይደለም» አለኝ።

«አውቃለሁ። እርግቦቹ እንዳያውቁት ነው።»

ሰውየው በመስታወቱ አየኝና ወደ ፒያሳ ነዳ። ፒያሳን ዞርን፣ በማናውቀው ሰፈር ወጣን፣ በኮረኮንች ወረድን፤ እኔ ራሴ የት እንዳለሁ ጠፍቶኝ አዘዞ ስንደርስ ነው የለየሁት። ፀዳ እህቴ ግቢ ገብተን ነጠላውን ፈትቼ ክዳኑን ከፈትኩ። ሁለቱም ወጡ፣ የእህቴ ጣሪያ ላይ አረፉ፣ አንገታቸውን እያዞሩ አዩ፣ ከዚያ ተነስተው አንዴ ዞሩና ሄዱ። ከእህቴ ጋር አንጋጠን ቀረን።

ቤቴ ስደርስ ጣሪያዬ ላይ ናቸው። አያ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«ሸፍነሽ ነበር?»

«በሁለት ነጠላ።»

«እንግዲያ በደንብ አላዞርሽም» ብሎኝ ገባ።

ልናደድ ይገባኝ ነበር፤ የባጃጁም ድካም ከንቱ ቀረ። ግን ደስ አለኝ። ዘዴዬ ከሽፎ ደስ አለኝ። ያን ያህል ሀገር አቋርጠው የመጡት ለእኔ ነው ብዬ ማሽላውን ያለ መጠን በተንኩላቸው። ለእኔ ይሁን ለሣጥኑ ማን ጠይቋቸው።

መላውን ያመጣችው እህቴ ናት። እሷ ነገር አታበዛም። «እርግብ ማታለል የለም፣ ማላመድ ነው ያለው» አለችኝ በስልክ። «ዘግተሽ ታስቀምጫታለሽ። እህሏን ውኃዋን ትሰጫታለሽ። እንቁላል ጥላ ጫጩት ስትፈለፍል ትከፍቺላታለሽ። ከዚያ ወዲያ ሂጂ ብትያትም አትሄድ።»

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወሬው ከፋ። ሱቆቹ በጊዜ መዝጋት ጀመሩ፣ ሰው በየበሩ ቆሞ መንሾካሾክ ጀመረ። ሲመሽ እርግቦቼን ያዝኳቸው፤ አንድ ላባ አልረገፈባቸውም። ጠዋት ባጃጁ መጣ። ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ፤ በዕድሜዬ ያሰብኩት ነገር እንዲህ ሲሰምር አላየሁም። የምታማትበዋ ጎረቤቴ ሁለት ዶሮዎቿን በእግራቸው አንጠልጥላ እየሮጠች መጣችና፣ «ትርፍ ቅርጫት አይኖርሽም?» አለችኝ። ነበረኝ። ሟርተኛ ቅርጫት አያጣም ብያት ሰጠኋት።

ክረምቱን በሙሉ ፀዳ ከረምን። እርግቦቹ ከማዕድ ቤቱ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ተዘጋባቸው፣ እኔ ሳሎን ፍራሽ ተነጠፈልኝ። የእህቴ ቤት ሰው ሞልቶበታል፤ ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿ፣ የሚገባው የሚወጣው። ሁሉም ጥሩዎች ናቸው፣ ክፉ አልናገርባቸውም። ግን የሚስቁበትን ቀልድ መነሻውን አላውቀውም። ልጠይቅ ስል ወደ ሌላ ወሬ ተሻግረዋል። ሰው በሌለበት ብቻ መሆንን ለምጄዋለሁ፤ በሰው መሀል ብቻ መሆን ግን ከበደኝ። ዝናቡ ሲበረታ ዕቃ ቤቱ እገባና ከእርግቦቹ ጋር እቀመጥ ነበር። በጣውላው ቀዳዳ ወደ ብርሃኑ ያያሉ። እኔም አብሬ አያለሁ።

አንድ ቀን የመጀመሪያ ልጄ ደወለ። «አሁን ወደዚያ ቤት ብቻሽን የምትመለሺበት ምክንያት የለም» አለኝ። «እኛ ጋ ነይ። መጀመሪያ ትንሽ ሊከብድሽ ይችላል፤ ትላመጃለሽ።»

ልጄ ከፍቅር ነው ያለው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ሰሞን ያቺ ቃል ምን ማለት እንደሆነች በየቀኑ ሳይ ነበር የከረምኩት። ማላመድ እኮ በር መዝጋት ነው። እህል ሰጥቶ፣ ውኃ ሰጥቶ፣ እስክትረሳ መጠበቅ። «እናያለን፣ የኔ ጌታ» ብዬ ዘጋሁት።

እህቴ እንዳለችው ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ዕቃ ቤቱ ተከፈተ፣ ወጡ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ። ሁለቱ ጫጩቶች አድገው ከእናት ከአባታቸው ጋር መብረር ጀመሩ። እህቴ ኮራች። እኔም ዘዴው ሠራ አልኩ፤ አደጋ ቢመጣ የሚሄዱበት አገኙ ብዬ ለጎረቤቶቼ ሳይቀር በስልክ ፎከርኩ።

እንቁጣጣሽ አልፎ ነገሩ ሲረጋጋ ሰዉ ወደየቤቱ መመለስ ጀመረ። እህቴ ሰንብቺ ብላ ለመነችኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ማታ አራቱንም ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያዝኳቸው፤ ጠዋት ወደ ቀሐ ይዣቸው መጣሁ። በዚህኛው ጊዜ ነጠላም አላለበስኳቸው፣ ፒያሳም አልዞርኩ። ወደ ቤታቸው ነው የሚሄዱት፣ ምን አሳሰበኝ። ሣጥኑን ጠርጌ፣ አሸዋ በትኜ፣ ግቢው መሀል ክዳኑን ከፈትኩ።

ወጡ። ትልልቆቹ ጣሪያው ላይ አረፉ፣ ያችን የለመድኳትን ኮቴ ሰማሁ። ሁለቱ ልጆቻቸው አጥሩ ላይ ቀሩ። ማሽላውን በእጄ ይዤ ነበር። እናቲቱ ሣጥኑ ጫፍ ድረስ ሄደች፣ አንገቷን አስገባች፣ አወጣች። ከዚያ ክንፏን መታች። አባትየው ተከተላት፣ ልጆቻቸውም ተከተሉ፣ አራቱም ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጥተው ወደ አዘዞ በኩል ሄዱ። ይመለሳሉ ብዬ እዚያው ቆሜ ጠበቅኩ። ማሽላውን ከእጄ ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ።

«እርግቦችሽ መጡ እኮ» አለች እህቴ።

«አየኋቸው ሲሄዱ።»

«ከሄድሽ ጀምሮ ኮርኒሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲጮህ ነበር። አይጥ መስሎኝ በመጥረጊያ ስመታው አረፈድኩ። ለካ ጫጩት ነው። እዚያ ላይ ሌላ ጎጆ ሠርተው ኖሯል፣ አላየንም። እናትየው እንደመጣች በቆርቆሮው ሥር ገባች፣ ዝም አሉ።»

ማሽላውን ከረጢቱ ውስጥ መለስኩት።

«ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ሁሉንም ሰብስቤ ላምጣልሽ? ከዚያ አንቺም ዘግተሽ ታላምጃቸዋለሽ።»

«ተያቸው» አልኳት።

«ምነው?»

«ቤታቸው ነው፣ ተያቸው።»

«እንግዲያ አንቺ ነያ» አለች። ድምፅዋ ለወጥ አለ፣ የምታባብል መሰለች። «ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እዚህ፣ ትላመጃለሽ።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ። በእሷ ይሁን በእርግቦቹ፣ በማን እንደተናደድኩ ባላውቅም፣ ያችን ቃል ሁለተኛ መስማት አልቻልኩም።

«እናቲቱ የሄደችው እኮ ለምዳ አይደለም» አልኳት። «የሚጮህላት ስላለ ነው። እኔ የማን ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚጮህልኝ ያለው?»

ሰላም እደሪ ተባብለን ዘጋን፤ ገና ቀትር እንኳ አልሆነም ነበር። ያልኩት ነገር ለእኔ ለራሴ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥልፌን ይዤ በረንዳው ላይ ስቀመጥ። ልጆቼ ተመስገን ሁሉም አድገዋል፣ ሁሉም ጠግበው ያድራሉ። ይህን ነበር ለዓመታት ፈጣሪን ስለምን የኖርኩት፣ ተሰጠኝም። ግን አዲስ አበባ ቢወስዱኝ፣ ፀዳም ብሄድ፣ እዚሁም ብቀመጥ፣ ባልመጣ ርቦት የሚያድር አንድም የለኝም።